ከጎመኑ በፊት አፈሩ ይጠየቅ

የሜይ ወር አጋማሽ አልፎ የውርጭ ስጋት ሲቀር፣ በሚኒያፖሊስና በሴንት ፖል የሚኖረው ወገን ዓይኑ ወደ ጓሮ ይዞራል። ከአገር ቤት በሰው እጅ የመጣው የጎመን ዘር ከቋጠሮው ይፈታል። ቃሪያው፣ በሶብላውና ጤና አዳሙ በመስኮት ሥር በፕላስቲክ ኩባያ በቅሎ፣ መሬት የሚገባበትን ቀን ሲጠብቅ ሰንብቷል። ክረምቱን ሙሉ በበረዶ ተዘግቶ ለከረመ ሰው አፈር መንካት ራሱ መድኃኒት ነው። ለልጆችም እንዲሁ፤ አባትና እናት ሲቆፍሩ እነሱ በጭቃው ይጫወታሉ።

በዚህ ሁሉ ደስታ መካከል የሚረሳ አንድ ጥያቄ አለ። ይህ አፈር ከዚህ በፊት ምን ተደፍቶበታል? ነፋስስ ከየት ምን አምጥቶበታል? ቤት ሲገዛ ጣሪያው፣ ማሞቂያውና ምድር ቤቱ ይመረመራል። ቤት ሲከራይ የኪራዩ መጠንና የአውቶቡሱ መስመር ይጠየቃል። አፈሩን የሚጠይቅ ግን ጥቂት ነው። በደቡብ ሚኒያፖሊስ የደረሰው ነገር አፈሩንም መጠየቅ እንደሚገባ ያስተምራል። (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

በ28ኛው ጎዳናና በሃያዋታ ማዕዘን

ከመሐል ከተማ ወደ አውሮፕላን ማረፊያው ወይም ወደ ሞል ኦፍ አሜሪካ በቀላል ባቡር የሚሄድ ሰው፣ ፍራንክሊን ጣቢያን አልፎ ሌክ ጎዳና ሳይደርስ 28ኛው ጎዳና ከሃያዋታ አቬኑ ጋር በሚገናኝበት ቦታ አጠገብ ያልፋል። ብዙ ወገን በዚህ መስመር ጧትና ማታ ለሥራ ይመላለሳል። በዚያ ማዕዘን ከ1938 ጀምሮ እስከ 1960ዎቹ ዓመታት ድረስ፣ በባቡር ሐዲዱ ጎን፣ አርሴኒክ ያለበት ፀረ-ተባይ የሚዘጋጅበትና የሚከማችበት ፋብሪካ ነበር።

የፋብሪካው ሥራ የጀመረበትን ዘመን ማስታወስ ይጠቅማል። በ1930ዎቹ የአሜሪካን መካከለኛ ሜዳ ድርቅና ፌንጣ አብረው አጥቅተውት ነበር። አንበጣ ሰማይ ሲያጨልም ያየ ወይም ከወላጆቹ የሰማ ኢትዮጵያዊ፣ የሚኔሶታና የዳኮታ ገበሬ ያን ጊዜ ምን እንደተሰማው ለመገመት አይቸገርም። መፍትሔ ተብሎ የቀረበው አርሴኒክን ከፉርሽካ ጋር ለውሶ በየእርሻው መበተን ነበር። ፌንጣው ፉርሽካውን በልቶ ይሞታል። መርዙ ግን ከፌንጣው ጋር አይሞትም። አርሴኒክ ንጥረ ነገር ነው፤ አይበሰብስም፣ አይቃጠልም፣ ወደ ሌላ ንጥረ ነገርም አይለወጥም።

ፋብሪካው ከተዘጋ ከብዙ ዓመታት በኋላ፣ በ1994፣ የሃያዋታ መንገድ ሲሠራ በቦታው አፈር ውስጥ ከፍተኛ መጠን ያለው አርሴኒክ ተገኘ። ከሥሩ ያለው የከርሰ ምድር ውኃም ተነክቶ ነበር። ጉዳዩ እየተጣራ ሲሄድ ችግሩ ከፋብሪካው አጥር ውስጥ እንዳልቀረ ታወቀ። ነፋስ ዱቄቱን እያነሳ በአካባቢው ወዳሉት የመኖሪያ ሰፈሮች፣ ወደ ፊሊፕስ፣ ኮርኮራን፣ ሎንግፌሎውና ፓውደርሆርን አቅጣጫ ሳይበትነው እንዳልቀረ የፌደራሉ የአካባቢ ጥበቃ ድርጅት፣ በአጭሩ ኢ.ፒ.ኤ.፣ ገለጸ።

ድርጅቱ ከ3,000 በላይ ከሆኑ ግቢዎች የአፈር ናሙና ወሰደ። ሁለት መለኪያዎች ተቀመጡ። በአንድ ኪሎ አፈር ውስጥ ከ95 ሚሊግራም በላይ አርሴኒክ የተገኘባቸው ግቢዎች በአስቸኳይ እንዲጸዱ፣ ከ25 ሚሊግራም በላይ የተገኘባቸው ደግሞ ቀጥለው እንዲጸዱ ተወሰነ። አካባቢው በ2007 ሱፐርፈንድ በሚባለው፣ የአገሪቱ እጅግ የተበከሉ ቦታዎች በሚመዘገቡበት ዝርዝር ውስጥ ገባ። እስከ 2011 ድረስ ከ500 በላይ በሚሆኑ ግቢዎች የላይኛው አፈር ተቆፍሮ ወጣ፤ በምትኩ ንጹሕ አፈር ተሞላ፤ ሣርም ተተከለ። ፋብሪካው የነበረበት ቦታ ራሱ ቀደም ብሎ ተጠርጎ ነበር።

እነዚህ ሰፈሮች የባለጸጎች ሰፈሮች አይደሉም። የአሜሪካ ቀደምት ነዋሪዎች፣ ከላቲን አሜሪካ የመጡ ቤተሰቦች፣ ከምሥራቅ አፍሪካ የመጡ ስደተኞች የሚኖሩባቸው ናቸው። በኢስት ፊሊፕስ፣ ከቀድሞው ፋብሪካ አቅራቢያ በሚገኘው ሩፍ ዲፖ በሚባለው መጋዘን ላይ ለዓመታት የቆየው ክርክርም ከዚሁ የመነጨ ነበር። ከተማው መጋዘኑን አፍርሶ ለሕዝብ ሥራዎች ክፍል ግቢ ሊያደርገው ሲያቅድ፣ ነዋሪዎች ቁፋሮው አርሴኒኩን እንደገና ያስነሳብናል፣ የመኪናው ጭስም ይጨመርብናል ብለው ተቃወሙ። ሕንጻው ሳይፈርስ አትክልት የሚለማበት እንዲሆን ጠየቁ። በ2023 ከተማው ዕቅዱን ትቶ ቦታውን ለነዋሪዎቹ እንዲሸጥ ስምምነት ላይ ተደረሰ። የነዋሪዎቹ ፍርሃት መሠረት የሌለው አልነበረም፤ አፈር የያዘው ነገር አፈሩ ሲናወጥ አብሮ ይናወጣልና።

ዝናቡ ለምን አላጠበውም?

ብዙ ሰው የሚጠይቀው ይህንን ነው። ፋብሪካው ከተዘጋ ስንት ክረምት፣ ስንት የበረዶ መቅለጥ፣ ስንት ዝናብ አለፈ። መርዝ ከሆነ ለምን ታጥቦ አልሄደም? ለምንስ በላይኛው አንድ ጫማ ያህል አፈር ውስጥ ተቀምጦ ቁፋሮ ጠበቀ?

መልሱ አፈር ምን እንደሆነ ከማወቅ ይጀምራል። አፈር የተፈጨ ድንጋይ ብቻ አይደለም። አሸዋ አለበት፤ ሸክላ አለበት፤ ቀይ ወይም ቢጫ መልክ የሚሰጠው የብረት ዝገት አለበት፤ ከዚህ ሁሉ በላይ ደግሞ ቅጠል፣ ሥርና ነፍሳት በስብሰው የሚተዉት ጥቁር ብስባሽ አለበት። ከእነዚህ መካከል ሸክላው፣ ዝገቱና ብስባሹ መርዝ ይይዛሉ። አሸዋው ግን አይረባም። አንድ ፀረ-ተባይ መሬት ላይ ሲወድቅ ዕጣ ፈንታው የሚወሰነው ከሦስቱ የትኛው ያዥ እንደሚያገኘውና እንዴት አጥብቆ እንደሚይዘው ነው።

ከብስባሹ እንጀምር። ወጥ የሠራ ሁሉ እንደሚያውቀው፣ ወጡ ሲረጋ የበርበሬው ቅላት ከውኃው ይልቅ ዘይቱን መርጦ ላዩ ላይ ይንሳፈፋል። ዲ.ዲ.ቲ.ም ጠባዩ እንዲህ ነው። ከውኃ ጋር አይስማማም፤ ቅባት ይወዳል። በአፈር ውስጥ የዘይቱን ቦታ የሚይዘው ብስባሹ ነው። ዲ.ዲ.ቲ. ከዝናቡ ውኃ ሸሽቶ በብስባሹ ውስጥ ይደበቃል። በ1979 ኬሪ ቺዩ የተባለው ሳይንቲስትና ባልደረቦቹ «ሳይንስ» በተሰኘው መጽሔት ያቀረቡት ሐሳብ ይኸው ነበር። እንዲህ ያሉ ኬሚካሎች በአፈር ቅንጣቶች ቆዳ ላይ ከመለጠፍ ይልቅ በብስባሹ ውስጥ ይሟሟሉ አሉ። በኋላ የተደረጉ ጥናቶች ደግሞ ከቃጠሎ የተረፈ እንደ ከሰል ያለ ጥቁር ቁስ ሲኖር ኬሚካሉ በእርሱም ላይ አጥብቆ እንደሚለጠፍ አሳዩ። ውኃ ማጣሪያ ውስጥ ከሰል የሚገባው በዚሁ ምክንያት ነው።

ከዚህ የሚገኘው ትምህርት ቀላል ነው። ብስባሽ በበዛ ቁጥር የሚያዘው መርዝም ይበዛል። ከመቶ አራት እጅ ብስባሽ ያለው አፈር ከመቶ አንድ እጅ ብቻ ካለው አፈር እንዲህ ያሉትን ኬሚካሎች አራት ጊዜ ያህል ይበልጥ ይይዛል። ኬሚካሉም በበኩሉ ይለያያል። በበቆሎ እርሻ ላይ የሚረጨው አትራዚን የተባለው ፀረ-አረም ከዲ.ዲ.ቲ. ይልቅ ከውኃ ጋር ይስማማል። ብስባሽ ዲ.ዲ.ቲ.ን ከአትራዚን ከሺህ ጊዜ በላይ አጥብቆ ይይዘዋል። ስለዚህም ዲ.ዲ.ቲ. በአፈር ውስጥ ለአሥርተ ዓመታት ሲቀመጥ፣ አትራዚን ወደ ወንዝና ወደ ከርሰ ምድር ውኃ ይወርዳል።

ሁሉም መርዝ ግን ቅባት ወዳድ አይደለም። ፓራኳት የተባለው ፀረ-አረም የኤሌክትሪክ ሙሉ፣ ማለትም ፖዘቲቭ፣ ጠባይ ስላለው ተቃራኒ ጠባይ ባለው ሸክላ ገጾች መካከል ገብቶ ይጣበቃል። ራውንድአፕ በሚል ስም የታወቀው የግላይፎሴት መድኃኒት ደግሞ በዋነኛነት የሚይዘው የብረትና የአልሙኒየም ዝገት ነው።

አርሴኒክም ከዚህ ወገን ነው። በአፈር ውስጥ ጠባዩ ማዳበሪያ ውስጥ ያለውን ፎስፈረስን ይመስላል፤ የብረት ዝገት ሲያገኝ ይጨብጠዋል። በሃያዋታ ዙሪያ በየጓሮው የወደቀውን ዱቄት ዝናብ ጠርጎ ያልወሰደው አፈሩ እንዲህ ስለያዘው ነው። ይኸው መያዝ ዘላቂ ዋስትና ግን አይደለም። ረግረግ ሆኖ አየር ባጣ መሬት ዝገቱ ሲሟሟ አርሴኒኩም ይለቀቃል። ፎስፌት ማዳበሪያ በብዛት ሲጨመርም ፎስፈረሱ ቦታውን ነጥቆ አርሴኒኩን ሊያስወጣው ይችላል።

የአሸዋ ምድርና የጉድጓድ ውኃ

በደቡብ ሚኒያፖሊስ ችግሩ አፈሩ መያዙ ነው። ከከተማው ወደ ሰሜን ወጣ ሲባል ደግሞ ችግሩ ይገለበጣል። ቤት ፍለጋ ወደ ብሌንና ወደ አኖካ አቅጣጫ የሄደ ወገን፣ አኖካ ሳንድ ፕሌን የሚባለው ሰፊ የአሸዋ ሜዳ ላይ ወይም በአቅራቢያው ነው የሰፈረው። ይህን አሸዋ የበረዶ ግግር ዘመን ሲያበቃ የቀለጠው ውኃ አንጥፎት የሄደ ነው። ብስባሹ ጥቂት፣ ሸክላውም ጥቂት ስለሆነ፣ የተረጨበት ሁሉ ወደ ታች ይሰርጋል። በማዕከላዊ ሚኔሶታ አሸዋማ ምድር ሥር ባለው ውኃ ውስጥ አትራዚንና ከእርሱ የሚፈጠሩ ውሑዶች መገኘታቸውን የክፍለ ግዛቱ የግብርና መሥሪያ ቤት የዓመታት ክትትል አሳይቷል።

የከተማ ቧንቧ ውኃ የሚጠጣ ሰው ይህን የሚከታተልለት ሕግ አለ። በግል ጉድጓድ የሚጠቀም ግን ውኃውን የማስመርመር ኃላፊነቱ የራሱ ነው። በሚኔሶታ ከ2008 ወዲህ አዲስ የተቆፈረ ጉድጓድ ለአርሴኒክ እንዲመረመር ሕግ ያዝዛል። ከዚያ በፊት የተቆፈረ ጉድጓድ ያለበትን ቤት የገዛ ሰው ግን ምርመራው ተደርጎ እንደሆነ ራሱ ካልጠየቀ የሚነግረው ላይኖር ይችላል። እዚህ ላይ የሚገኘው አርሴኒክ ብዙውን ጊዜ ከፋብሪካ የመጣ ሳይሆን ከራሱ ከምድሩ የወጣ ነው፤ ለጠጪው ግን ልዩነት የለውም።

መያዝ መግደል አይደለም

አፈር መርዝ ይዞ መቆየቱ በአንድ በኩል ውለታ ነው። የተያዘ መርዝ ወደ ውኃ አይወርድም፤ ወደ ተክሉም እንደልቡ አይገባም። ጊዜ በረዘመ ቁጥር መርዙ በብስባሹና በሸክላው ውስጥ እየጠለቀ ይሄዳል። በወይራ የታጠነ የወተት ዕቃ ስንት ጊዜ ቢታጠብ ሽታው እንደማይለቅ ሁሉ፣ ያረጀ መርዝም በውኃ ብቻ አይለቅም። ችግሩ መርዙን በልተው የሚያፈርሱት ረቂቅ ነፍሳትም ሊደርሱበት አለመቻላቸው ነው። ከውኃ የጋረደው ብስባሽ ከሞትም ይጋርደዋል። አሜሪካ ዲ.ዲ.ቲ.ን በ1972 ከለከለች፤ በጓሮ፣ በሣርና በቤት መሠረት ዙሪያ ይፈስ የነበረው ክሎርዴን ደግሞ በ1988 ፈጽሞ ቀረ። ዛሬም ግን የሁለቱም ቅሪት በየቦታው አፈር ውስጥ ይገኛል።

ያረጀ መርዝ ለተክል አይገኝም ተብሎ ለረጅም ጊዜ ይታመን ነበር። የኮኔቲከት የእርሻ ምርምር ጣቢያ ሳይንቲስቶች ግን ያልተጠበቀ ነገር አገኙ። ዙኪኒና አንዳንድ የዱባ ዓይነቶች ለአሥርተ ዓመታት አፈር ውስጥ የተቀመጠውን ክሎርዴንና የዲ.ዲ.ቲ. ቅሪት በሥራቸው ስበው ወደ ግንዳቸውና ወደ ፍሬያቸው ያወጡታል። ሌሎች አትክልቶች በዚያው አፈር በቅለው ይህን ያህል አይስቡም። አፈሩ አልለቅም ያለውን ዱባው አስለቀቀው ማለት ነው። በአሮጌ ቤት ጓሮ ዱባ ለሚተክል ሰው ይህ ሊታወቅ የሚገባው ነገር ነው።

ከተክሉ ይልቅ አጭሩ መንገድ ግን እጅ ነው። ሕፃን ልጅ አፈር የነካ እጁን አፉ ውስጥ ይከታል። ጫማ የጓሮውን አቧራ ወደ ምንጣፍ ያመጣል። በዝናብ የፈናጠቀ ጭቃ ጎመኑ ቅጠል ሥር ይለጠፋል። በደቡብ ሚኒያፖሊስ የጽዳቱ መለኪያ ሲወጣ ዋናው ጭንቀት ይኸው የልጆች አፈር መዋጥ ነበር። አፈሩ አርሴኒኩን አጥብቆ ቢይዘውም፣ አፈሩ ራሱ ከተዋጠ መያዙ ያን ያህል አያድንም።

አገር ቤትም ጉዳዩ ያው ነው

ይህ የአሜሪካ ችግር ብቻ ተደርጎ እንዳይወሰድ። በኢትዮጵያ ቆላማ አካባቢዎች ወባን ለመከላከል ለአሥርተ ዓመታት በየጎጆው ግድግዳ ላይ ዲ.ዲ.ቲ. ሲረጭ ኖሯል። የአዳሚ ቱሉ ፋብሪካ ዲ.ዲ.ቲ. ያዘጋጅ ነበር። ትንኟ መድኃኒቱን በመልመዷ በ2000ዎቹ መጨረሻ ግድም በሌሎች መድኃኒቶች መተካት ተጀመረ። ለአንበጣና ለሌሎች ተባዮች ተብሎ በእርዳታና በግዢ የገባው፣ ጊዜው አልፎበት በየመጋዘኑ የተከማቸው ፀረ-ተባይም ሌላ ጣጣ ነበር። በ2000ዎቹ መጀመሪያ ላይ ከ1,000 ቶን በላይ የሚሆነው እየታሸገ በመርከብ ወደ ፊንላንድ ተልኮ እንዲቃጠል ተደርጓል። በርሜሉ ይጫናል። በርሜሉ ሲያፈስበት የኖረውን አፈር ግን መጫን ቀላል አይደለም።

የአገራችን አፈር የመያዝ ኃይሉስ? የበቾንና የአድአን ጥቁር መሬት ያየ ሰው ብስባሽ የሞላው ይመስለዋል። የዋልካ ጥቁረት ግን ከብስባሽ ብዛት የመጣ አይደለም፤ ዋናው ያዥ ሸክላው ነው። ብስባሽ የሚሆነው ፍግ ደግሞ በብዙ ቦታ ኩበት ሆኖ ምድጃ ይገባል፤ ገለባው ለከብት ይሄዳል። ማገዶ ባጣ ገበሬ የሚፈረድ አይደለም። ሆኖም ለምድጃ የሄደው ኩበት አዝመራውን ብቻ ሳይሆን መርዝ የሚይዘውን የአፈር ኃይልም ይዞ ይሄዳል። ለወላጆቹ እርሻ የመድኃኒት መግዣ ብር የሚልክ ወገን፣ ከብሩ ጋር «የምትረጩት ምንድን ነው? ከምንጩስ ምን ያህል ይርቃል?» የሚል ጥያቄ ቢልክ ብሩን የሚያህል ውለታ ይሆናል።

ምን ይደረግ?

የዚህ ሁሉ ጭብጥ ጎመን አትትከሉ ማለት አይደለም። ጓሮ ያለው ይትከል፤ ግን አውቆ ይትከል።

አንደኛ፣ መጠየቅ ነው። በፊሊፕስ፣ በኮርኮራን፣ በሎንግፌሎውና በፓውደርሆርን ቤት የገዛ ወይም የተከራየ ሰው ግቢው ለአርሴኒክ ተመርምሮ እንደነበር፣ ጸድቶም እንደሆነ ሻጩን ወይም አከራዩን፣ አልያም ኢ.ፒ.ኤ.ን ይጠይቅ። ናሙና ለመውሰድ የባለቤቱ ፈቃድ ያስፈልግ ነበር፤ ያን ጊዜ የነበረው ባለቤትም ዛሬ ላይኖር ይችላል። ጎረቤቱ ተመረመረ ማለት የእናንተ ግቢ ተመረመረ ማለት አይደለም።

ሁለተኛ፣ ማስመርመር ነው። በሴንት ፖል የሚገኘው የሚኔሶታ ዩኒቨርሲቲ የአፈር ምርመራ ላቦራቶሪ ከማንኛውም ነዋሪ ናሙና ይቀበላል። መደበኛው ምርመራ አፈሩ ውስጥ ያለውን የብስባሽ መጠንና ፎስፈረስ ይናገራል፤ የሊድ ምርመራም ይሠራል። ሊድ በእነዚህ አሮጌ ሰፈሮች ከድሮ የቤት ቀለምና ከድሮ የመኪና ቤንዚን የቀረ ነው፤ ከአርሴኒክ ያላነሰ ለልጆች አሳሳቢ ነው። የአርሴኒክ ምርመራ የሚፈልግ ሰው ግን ለብቻው ማዘዝ ስለሚያስፈልገው፣ ናሙናውን ከመላኩ በፊት የትኛው ላቦራቶሪ እንደሚሠራ ደውሎ ይጠይቅ።

ሦስተኛ፣ የሚያጠራጥር አፈር ላይ ከመሬት ከፍ ያለ መደብ ሠርቶ፣ ከታች ጨርቅ አንጥፎ፣ ንጹሕ አፈር ሞልቶ መትከል ነው። ለመደቡ የድሮ አረንጓዴ ቀለም ያለው የታከመ እንጨት አይገባም። እስከ 2003 መጨረሻ ድረስ ለቤት ሥራ ይሸጥ የነበረው እንዲህ ያለ እንጨት ከመበስበስና ከምስጥ እንዲያድነው ራሱ በአርሴኒክ የተነከረ ነበር። ከሃያዋታ አርሴኒክ እየሸሹ በእንጨት መልክ ሌላ አርሴኒክ ማምጣት እንዳይሆን።

አራተኛ፣ ኮምፖስት ነው። ለዲ.ዲ.ቲ.፣ ለክሎርዴንና ለሊድ ብስባሽ መጨመር ይረዳል፤ ያዡ እርሱ ነውና። ለአርሴኒክ ግን ብስባሽ ፈውስ አይደለም፤ ፎስፌት የበዛበት ማዳበሪያና ፍግ ከልክ በላይ መድፋትም ሊያስለቅቀው ይችላል። ስለዚህ አርሴኒክ የተገኘበትን አፈር በኮምፖስት አድናለሁ ከማለት አፈሩን መለወጥ ወይም መሸፈን ይሻላል። ኮምፖስቱም ከየት እንደመጣ ይጠየቅ። ክሎፒራሊድን የመሳሰሉ ፀረ-አረሞች የተረጨ ሣር ወይም እርሱን የበላ ከብት ፍግ ኮምፖስት ሆኖም መርዙ አይጠፋለትም፤ ቲማቲምና ባቄላ ቅጠላቸው ተጠቅልሎ ይቀራል።

አምስተኛ፣ የሚተከለው ይመረጥ። በአርሴኒክ ወይም በሊድ በሚጠረጠር አፈር ላይ እንደ ቲማቲምና ቃሪያ ያለ ፍሬ ከካሮትና ከቀይ ሥር፣ ከጎመንና ከሰላጣ የተሻለ ነው። ጎመን የግድ ከሆነ በተሠራው መደብ ላይ ይሁን፤ ቅጠሉም በውኃ አንድ በአንድ ይታጠብ። ዱባና ዙኪኒም አሮጌ ቤት መሠረት ሥር አይተከሉ። ባዶ አፈር በሣር ወይም በገለባ ይሸፈን። ጫማ በር ላይ ይውለቅ። ልጆች ከጓሮ ሲመለሱ እጃቸውን ይታጠቡ። ገበታ ከመቅረቡ በፊት ውኃ ይዞ የሚዞር፣ እጅ የሚያስታጥብ ባህል ያለው ሕዝብ ይህን ከማንም መማር አያስፈልገውም፤ ያለውን መጠበቅ ብቻ ነው የሚበቃው።

በፊሊፕስ የሚኖሩት ሰዎች አፈራቸው ምን እንደያዘ ያወቁት ፋብሪካው ከተዘጋ ከብዙ ዓመታት በኋላ፣ ያውም መንገድ ለመሥራት ሲቆፈር በተገኘ ነገር ነው። በእነዚያ ዓመታት ስንት ልጅ በዚያ አፈር ላይ ተጫውቶ አደገ፤ ስንት እናት በዚያ ጓሮ አትክልት አበቀለች። ጥፋቱ የእነሱ አልነበረም፤ የነገራቸው የለም። ዛሬ ግን መረጃው አለ፤ የሚጠየቅ መሥሪያ ቤትም አለ። ያልጠረጠረ ተመነጠረ ይባላል። የጎመኑ ዘር ከቋጠሮው ከመፈታቱ በፊት አንድ ስልክ ይደወል።